ከኋላ ወንበር የሚነዱ ሰዎች

የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን የመጀመሪያው ሰልጣኜ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ አሰልጣኙ የት እንዳለ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ዞሮ የኋላውን ወንበር አየ፤ ሌላ ሰው ተደብቆ እንደሆነ ማጣራቱ ነበር። ከዚያ ሳያዝንልኝ አልቀረም፣ "ግድ የለም፣ እኔ መንዳት እችላለሁ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ" አለኝ።

ባጃጅ ነጂ ነበር። አዳማ ውስጥ ባጃጅ የነዳ ሰው ከአውሮፕላን በስተቀር የሚያቅተው ነገር ያለ አይመስለውም፤ አውሮፕላኑንም ቢሆን ቢሾፍቱ ሄዶ ቁልፉን የሚሰጠው ስላጣ ነው። የመጣሁት ለወረቀቱ ብቻ ነው አለ። ሞተሩን አስነሳ፣ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ለቀቀው፣ መኪናው ዘለለና ጠፋ። መኪናሽ ችግር አለባት አለኝ።

እንደገና አስነስቶ ከግቢ ወጣን። አንድ ሽንኩርት የጫነ ጋሪ ከመብራት ምሰሶ አጠገብ ቆሞ ነበር። በሁለቱ መካከል ባጃጅ ብቻ የምታልፍበት ክፍተት አለች። ሰልጣኜ ምንም ሳያመነታ ወደዚያች ክፍተት ነዳ። የማሰልጠኛ መኪና በአሰልጣኙም እግር ስር ፍሬን አለው፤ እሱን ረግጬ አቆምኩት። ባለጋሪው ወርዶ የሰደበው እኔን ነው። ሰልጣኜም ከባለጋሪው ጋር ተስማማ፤ እኔ አልፍ ነበር፣ እሷ ናት ያስቆመችኝ አለው።

ግቢ ስመለስ ለጋሽ ለማ አለቀስኩባቸው። ጋሽ ለማ የአሰልጣኞቹ ኃላፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሱ፣ ሲቆጡ በኦሮምኛ ሲያጽናኑ በአማርኛ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ሁለቱንም ቀላቀሉት። "ሱታ፣ ሱታ" አሉኝ፣ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። "ለመኪና እንጂ ለሰው ፍሬን አልተሠራለትም። አዋቂ ሲገጥምሽ አትከራከሪው፣ ጠይቂው። ክርክር ያበረታዋል፣ ጥያቄ ያደክመዋል።"

በማግስቱ ባጃጅ ነጂው ሲመጣ ምንም አላስተማርኩትም። የመኪናው ቀኝ ጎን የት ላይ እንደሚያበቃ ብቻ ጠየቅኩት። እዚህ ጋ ነው ብሎ እጁን ዘረጋ። እርግጠኛ ነህ ወይ አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፖኪዮ ተመለከተ። ዛሬ ሚኒባስ ይነዳል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ጆሮዬ እስኪደነቁር ጥሩምባ ይነፋልኛል።

የጋሽ ለማ ዘዴ ግን ለሁሉም አይሠራም። አንድ ጊዜ የፊዚክስ መምህር መጡልኝ። ሞተሩ ደጋግሞ ሲጠፋባቸው፣ ጋሽ ለማ እንዳስተማሩኝ፣ ለምን የጠፋ ይመስልዎታል ብዬ ጠየቅኳቸው። ትልቅ ስህተት ነበር። ስለ ሰበቃ ጀመሩ፣ ስለ ጉልበት ቀጠሉ፣ በጣታቸው መስታወቱ ላይ ቀስት ሣሉ። ማብራሪያው አንድም ስህተት አልነበረበትም። መኪናው ግን የዚያን ዕለት ከበሩ አልወጣም። ሰዓታቸው ሲያልቅ በጥሞና ስለሰማሽኝ አመሰግናለሁ ብለውኝ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ አፍ የሚመልሰው ጥያቄ ትቼ እጅና እግር የሚመልሰውን ብቻ መጠየቅ ጀመርኩ። "ለምን" ማለት ቀረ፤ "እስቲ ያሳዩኝ" ሆነ።

ሰልጣኙ ቢገራ ደግሞ መንገደኛው አለ። በእኛ አገር መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። ካርድ የሚሸጠው ካርዱን፣ ጫማ የሚያስጠርገው እግሩን ትቶ ይመጣና ከኋላ ይቆማል። "ና! ና! ስበረው! መልሰው! ና!" ይላል። "በቃ" የሚለው ከተጋጨህ በኋላ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ መሪ ይዘው አያውቁም፤ እጃቸውን ሲያወናጭፉ ግን መርከብ ወደብ የሚያስገቡ ይመስላሉ። ሰልጣኞቼን አመስግኑና ስፖኪዮ እዩ እላቸው ነበር።

ቤትም አላረፍኩም። ወንድሜ የሂሳብ ባለሙያ ነው፤ መንጃ ፈቃድ የለውም። እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ ምሳ ላይ ስለ ፍሪሲዮን አያያዝ ያስረዳኛል። ጸሎት አድርጎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ይጀምራል። አላርመውም። ወጥ እጨምርለታለሁ፣ አፉ ሲሞላ ጥቂት እናርፋለን።

እንዲህ እየሳቅኩ ዓመታት አለፉ። ጋሽ ለማ ጡረታ ወጡ፣ ሥራውን የለመድኩት መሰለኝ። ያኔ ነው ሐጂ ከድር የመጡት።

ሐጂ ከድር የአርሲ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ተሳቢ መኪና ይዘው ጅቡቲ መስመር ሠርተዋል። ወደ ኋላ ላይ አዳማ ተቀምጠው በአንዲት ፒካፕ ከቡልቡላ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመጡ ያከፋፍሉ ነበር። ከባለቤታቸው ከዘይነባ ጋር ገቡና ለሥራ አስኪያጃችን "ሚስቴን መኪና ላስተምር ነው የመጣሁት" አሉ። ላስመዘግብ አላሉም። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቁ የማሰልጠኛዋን መኪና የኋላ በር ከፍተው ገቡና መሃል ላይ ተደላደሉ።

ከሰልጣኝ ጋር ሌላ ሰው እንደማይሳፈር ነገርኳቸው። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው መኪና አያውቅም አሉኝ። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩ፤ እሱም ሐጂን እንዴት ውረዱ እላቸዋለሁ ብሎ ወደ ቢሮው ገባ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሐጂ ከድር ደግሞ ሞኝ ሳይሆኑ ነው ያንን ወንበር የያዙት።

ዘይነባን ማርሽ ስንት ላይ እንዳለች ስጠይቃት ሐጂ ይመልሳሉ። ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለባት ስጠይቃት ሐጂ ይመልሳሉ። ፀሐዩ ከብዶ ነበርና ውኃ እንደምትፈልግ ብጠይቃት፣ አልጠማትም አሉኝ። እሷ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ መሪውን ጨብጣ ትቀመጣለች። "ፍሪሲዮን" ሲሉ ትረግጣለች፣ "ማርሽ" ሲሉ ታስገባለች። መኪናውን የሚነዱት ሐጂ ነበሩ፤ እግሩ ብቻ የእሷ ነው።

የሥራችንን ዘዴ ሁሉ ሞከርኩ። ሐጂን በጥያቄ ላድክማቸው ብዬ ዳገት ላይ ስለማስነሳት ጠየቅኳቸው፤ በትክክል መለሱ። ስለ ጎማ ጠየቅኩ፣ ስለ ተሳቢ ፍሬን ጠየቅኩ፤ እኔ የማላውቀውን ጨምረው መለሱ። ከሌሎቹ የሚለዩት በዚህ ነበር። ክፋቱ በእርግጥ ማወቃቸው ነው።

የቀትሩ የዙሁር ሰላት ሲደርስ ሐጂ ግቢው አጠገብ ወዳለው መስጊድ ሄዱ። ዘይነባ ቤቷ ስትመለስ እንደምትሰግድ ነግራኝ መኪናው ውስጥ ቀረች። ያኔ ነው ድምጿን የሰማሁት። እርስዎ እያልኩ ሳናግራት፣ እኩያ ነን፣ አንቺ በይኝ አለች። ቀጥላ በሩን ዘጋችና፣ "የፉአድ አባት ዓይኑ አያይም" አለችኝ። ፉአድ የበኩር ልጃቸው ነው፤ ጅማ ይማራል።

ስኳር ነው አለች። ግራው ጭራሽ ጠፍቷል፣ በቀኙ ጥላ ጥላውን ያያል። ሐኪም ቤት እንሂድ ሲባሉ ሐኪም ምን ያውቃል ይላሉ። ታዲያ ፒካፑን ማን ነው የሚነዳው ብዬ ጠየቅኳት።

"እሱ ነዋ" አለች። "እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ አወራለታለሁ።"

አልገባኝም ነበር፤ አስረዳችኝ። ከፊት ሰው ሲመጣ ሰው መጣ አትልም። ወይ ይቺ ሴትዮ፣ በዚህ ሐሩር ልጅ አዝላ ትሻገራለች ትላለች፤ እሳቸው ፍሬን ይይዛሉ። ከብት ሲኖር፣ ዘንድሮ የዚህ አገር ከብት እንዴት ሰብቷል ትላለች፤ እሳቸው ይቀንሳሉ። ከአዳማ ቡልቡላ ድረስ እንደዚህ ነው፤ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ የምታየውን ሁሉ ወሬ አድርጋ ታወራለች። እሳቸው አንድም ቀን ምን አለ ብለው አልጠየቁም፣ እሷም አንድም ቀን ልንገርህ አላለችም። የእሳቸው ጓደኞች ዘይነባ ወሬ ታበዛለች ይላሉ።

በቅርቡ ግን ጥርሷን አሟት አፏን በነጠላ ሸፍና ተቀምጣ ነበር። ቡልቡላ ሊገቡ ሲሉ ውኃ የጫነ የአህያ ጋሪ ከፊታቸው ነበር። እሷ ስትጮህ መሪውን ሰበሩት፤ አህያዋ ተረፈች፣ ጄሪካኖቹ መንገድ ላይ ተበተኑ። ሐጂ ወርደው ባለጋሪውን መንገድ አያያዝ አስተማሩት።

ደነገጥኩ፣ ተናደድኩም። ሰው ቢሞትስ ብዬ ጮህኩባት። ለምን ፊት ለፊት አትነግሪያቸውም አልኳት።

"ማወቄን ካወቀ መሬት ይውጠኝ ይላል" አለች። "ቁልፉን ብደብቅ የሰው መኪና ለምኖ ይነዳል። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ግን ደክሞሃል፣ እስቲ ዛሬ እኔ ልንዳ እለዋለሁ። ለዚህ አይደል የመጣሁት? አደራሽን፣ ለሰው እንዳትናገሪ። ለእሱም።"

እኔም በበኩሌ አንድ ነገር አስማልኳት፤ ፈቃዱ እስኪወጣ ያቺ ፒካፕ ከግቢ እንዳትወጣ። ዘይነባ ለሰፈሩ መካኒክ ነገረችው። መካኒኩ ለእሷ ሲል ጤነኛውን ሞተር ፈትቶ በየፈርጁ ዘረጋውና ዕቃ ጠፋ ማለት ጀመረ። ሐጂ በየቀኑ ጋራዡ እየሄዱ ራሱ ላይ ቆመው የሌለውን ብልሽት ይመረምሩለታል፤ ፓምፑ ነው ይላሉ፣ አይ ቫልቩ ነው ይላሉ። ዓይናቸው ቢያይ ኖሮ እኒያ ሰው ለአንድ ቀን እንኳ አይታለሉም ነበር። መካኒኩም ሰበቡ እያለቀበት፣ ፍጥኑልኝ እያለ ለዘይነባ ይልክባት ነበር።

እንዴት እንፍጠን? ሐጂ ከኋላ ወንበር አልወረዱም። መንገዱን ከትዝታቸው ያነቡላት ነበር። "ከፊት በቀኝ ጉድጓድ አለ፣ በግራ ያዢ" ይሏታል። ጉድጓዱ ዘንድሮ ተደፍኗል፤ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። ዘይነባ ግን ያንን የሌለ ጉድጓድ ለመሸሽ ወደ ግራ ትገባለች፣ ከፊት የሚመጣው ባጃጅ ይሳደባል፣ እኔ ፍሬን እረግጣለሁ። ጉድጓዱ እንደሌለ እያየች ነው የምትሸሸው። የለም ብትል ባሏ እንደማያይ መናገሯ ነው።

አንድ ቀን የማቆም ልምምድ ላይ ነን። በተተከሉት ችካሎች መካከል መኪናውን ወደ ኋላ ማስገባት ነው። ዘይነባ ደጋግማ ስትስት ሐጂ ትዕግሥታቸው አለቀ። ወረዱና እኔ ልቁምላት ብለው ከኋላ ቆሙ። "ነይ! ነይ! ስበሪው! ነይ!" አሉ። የግራው ችካል ወደቀ። "ነይ!" አሉ። ሁለተኛው ወደቀ። እሳቸው ሁለት እጃቸውን እያወዛወዙ "ነይ፣ ገና ነሽ" ይላሉ። ተራቸውን የሚጠብቁት ሰልጣኞች ሳቁ።

ዘይነባ ሞተሩን አጠፋች። ወርዳ ችካሎቹን አነሳችና፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "እኔ ነኝ፣ መሪውን አዘገየሁት" አለች። ሐጂም ነግሬሽ ነበር አሏት። በዚያች ደቂቃ ከችካሎቹ አንዱን ነቅዬ ሐጂን ልላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። እውነቴን ነው፤ የተከለከልኩት እጄ ላይ የመኪና ቁልፍ ስለነበረ ነው።

ዘይነባን ለሌላ አሰልጣኝ ሰጥቼ ከግቢው ሻይ ቤት ሁለት ሻይ ይዤ ሐጂ የተቀመጡበት ግራር ጥላ ስር ሄድኩ። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠኋቸው፣ ደስ አላቸው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ነበር። ስለ ጅቡቲ መስመር ትንሽ አስወራኋቸው። ከዚያ የግቢውን በር አሳየኋቸውና፣ "ሐጂ፣ እዚያ የቆመው ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ባጃጅ ነዋ" አሉ ወዲያው።

ጋሪ ነበር። ፈረሱ ጭራውን እያወዛወዘ ዝንብ ያባርራል። የለመደብኝ ማረም ነው፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። ሻዬን ጠጣሁ። እሳቸውም ጠጡ። ወደ በሩ አንገታቸውን አዘንብለው ቆዩ። ዝምታው ሲረዝምባቸው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ባጃጅ አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

ከተዋወቅን ጀምሮ ከእሳቸው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። ጋሪ ነው አልኳቸው። ፈረሱ ምን መልክ እንዳለው ጠየቁኝ። ቡላ ነው አልኳቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

"ለዘይነባ እንዳትነግሪያት" አሉ።

ልስቅ ነበር፣ እንባዬም መጣ። አንዱን ምሥጢር ባልና ሚስት ለሁለት ተካፍለው፣ እኔን መሃላቸው አስቀምጠው ያስደብቁኛል። አልነግራትም፣ እርስዎ ይንገሯት አልኳቸው።

"ምን ብዬ?"

ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሁሉ መልስ ስሰጥ ኖሬ፣ ለዚህች ግን አልነበረኝም። "አላውቅም፣ ሐጂ" አልኳቸው።

ፊታቸው ትንሽ ፈካ። "ለካ አንቺም የማታውቂው አለ" አሉና ሻዩን ጨረሱ።

በሚቀጥለው ቀጠሯችን ሐጂ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ገቡ። ዳገት ላይ አቁሞ ማስነሳት ነበር የምንለማመደው። እስከ ዳገቱ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ዘይነባ በስፖኪዮ ሁለት ሦስት ጊዜ አየቻቸው፤ ታመሙ ብላ ሳትሰጋ አልቀረችም። ዳገቱ ወገብ ላይ አቆመች፣ የእጅ ፍሬን ሳበች። ያኔ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዘይነባ፣ ዓይኔ ከድቶኛል" አሏት።

አልዞረችም። "አውቃለሁ፣ የፉአድ አባት" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከአምና ክረምት።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?" አለቻቸው።

ይህን የተናገረችው በቁጣ አልነበረም። ማርሽ ስንት ላይ ነው ተብላ ብትጠየቅ የምትመልስበት ድምፅ ነው። እኔ መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር፤ መኪናው ጠባብ ነው፣ በሩን ከፍቼ ልውረድ ብል ዳገት ነው። በመስኮቱ ወደ ውጭ አይ ነበር። ከኋላችን ጥሩምባ መጣ፣ ሚኒባስ መንገድ ዘጋችሁብኝ እያለ ነው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሐጂ "እውነትሽን ነው" አሏት።

ከዚህ በኋላ ዘይነባ እንደ ንስር ነዳች ብዬ ባወራላችሁ ደስ ባለኝ። ባሰባት። ሐጂ በማግስቱ ራሳቸው ከመኪናው ቀሩና ግራሩ ስር ተቀመጡ። መኪናው ውስጥ ዝም ሲባል ግን ዘይነባ እግሯን የት እንደምታደርግ ጠፋት። ፍሪሲዮን ልርገጥ? ማርሽ ልቀይር? እያለች እኔን ትጠይቀኛለች። አንቺ ምን ይመስልሻል ስላት ተናደደች፤ አንድ ቀንማ አስተማሪ ነሽ አይደል፣ ንገሪኝ እንጂ ብላ ጮኸችብኝ። ስትጮህ መንዳቷን ረስታ ስለነበር ማርሹን ሳታስበው ቀየረች፣ በትክክል ነበር። አልነገርኳትም፤ ራሷ ደረሰችበት።

የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀች። ፈታኙ መስቀለኛ መንገድ ላይ ለምን እንደቆመች ጠየቃት። መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን ለዓመታት የለመደባት ነውና ዞራ የኋላውን ወንበር አየች። እዚያ ተራውን የሚጠብቅ የማታውቀው ተፈታኝ ተቀምጧል። እሱም አላሳፈራትም፣ መለሰላት። ፈታኙ ሁለቱንም አወረዳቸው።

ከፈተናው ስትወጣ ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ምን ማድረግ እንደነበረባት ሊዘረዝሩላት አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። ገጠሙት። ከዚያ፣ "ምን ሆነ?" አሏት። እሷም ነገረቻቸው፤ ከመነሻው እስከ መጨረሻው፣ በእጇ እያሳየች። እስክትጨርስ ሰሙ። ምንም አላረሙም። ያን ማየት ለእኔ ፈተናውን ከማለፏ ይበልጥብኝ ነበር።

በሁለተኛው ፈተና ሌላ ፈታኝ ደረሳት። ነጻ መንገድ ላይ ፍጥነቷን ስትቀንስ ምክንያቷን ጠየቃት። "ያ ሰውዬ ልሻገር ወይስ ልቅር እያለ ነው፤ እስኪወስን ነው" አለችው። ፈታኙ ቀና ብሎ ሰውየውን አየው። ሰውየው አንድ እግሩን አስፋልት ላይ፣ አንዱን ጠርዙ ላይ አድርጎ ስልክ ያወራል። አሳለፋት።

መካኒኩ ሞተሩን በአንድ ጀንበር ገጠመው። ሐጂም ቫልቩ ነው ብዬ ነበር አሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። የዓይን ሐኪምም ዘንድ ሄዱ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን መጠበቅ ይቻላል ተባሉ። ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ግን ትንሽ ያውቃል ብለውኛል።

አንድ ጊዜ ወደ ቡልቡላ ይዘውኝ ሄዱ። ዘይነባ ትነዳለች፣ እሳቸው ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። ባቱን አልፈን ሜዳው ሲከፈት ሐጂ፣ "ከፊት ምን አለ?" አሏት።

"ሰጎን" አለች።

"ዘይነባ፣ ቀልዱን ተይ።"

እውነት ሰጎን ነበር፤ በአካባቢው ካለው የዱር እንስሳት ፓርክ አጥር ወጥቶ በመንገዱ ዳር እየተንጎራደደ። እኔ መሰከርኩ። ሐጂ መጀመሪያ አላመኑም። ከዚያ ወንድ ነው ሴት ብለው ጠየቁ፣ ቀጥለው ወዴት እየሄደ እንደሆነ፣ ቀጥለው ሰው አላየውም ወይ ብለው። እስክንገባ ድረስ ጠየቋት፤ እስክንገባ ድረስ መለሰችላቸው። በመካከሉ ማርሽ ቀይሪ ማለታቸው አልቀረም። እሺ ትላለች፣ የመሰላትን ታደርጋለች።

እኔ ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ለሚተኩኝ አሰልጣኞች የምለው አጭር ነው። አዋቂን በሰው ፊት አታርሙት። ለብቻው አንድ ነገር ጠይቁት፤ ሲሳሳት ዝም በሉ፣ ራሱ እስኪጠይቅ ጠብቁ። ሲጠይቃችሁ የማታውቁት ከሆነ አላውቅም በሉ። የማይጠይቅም ይኖራል፤ ለእሱ መድኃኒት አላገኘሁም። መኪናው ውስጥ ዝም ያለ ሰው ካለ ግን መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።